የኩላሊት ዘበኞችና የስኳር በሽታ

ኢንዛይም ማለት በሕያው አካል ውስጥ የሚገኝ፣ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ ፕሮቲን ነው የሚለውን ትርጉም ሁላችንም በደብተራችን ጽፈናል። ለፈተና ይበቃ ይሆናል። ነገ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን ይህንኑ ስንደግመው ግን «ታዲያ ምን ያደርግልናል?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ስለሆነም እኛ የሳይንስ ጥናት ቡድን አባላት ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል ያልነውን አንድ ጉዳይ መርጠን ለዚህ ሰሌዳ አቅርበናል። ጉዳዩም የስኳር በሽታ ኩላሊትን እንዴት እንደሚጎዳ፣ አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ኢንዛይሞችም በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳላቸው ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ቃል የተለጠፈባቸው እንክብሎችና ዱቄቶች በየመደብሩና በየገበያው ለስኳር ሕመምተኞች ሲሸጡ እናያለን። ቃሉ የሳይንስ ነው። አሻሻጡስ? ወደዚያ እንመጣለን።

በመጀመሪያ በዓይን ከሚታየው እንነሣ። ከሥጋ ቤት ትንሽ ቁራጭ ጥሬ ጉበት፣ ከወጥ ቤት አንድ ድንች፣ ከመድኃኒት መደብር ደግሞ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን 3 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማግኘት ነው። ፈሳሹን በብርጭቆ ሁለት ጣት ያህል ቀድታችሁ ጉበቱን ጣል ስታደርጉበት ወዲያው ነጭ አረፋ ይገነፍላል። ጫፉ ፍም የሆነ ስንጥር ወደ አረፋው ብታስጠጉ ቦግ ይላል፤ የሚወጣው አየር ኦክስጅን ነውና። ድንቹም ያንኑ ያደርጋል፣ ግን ቀስ እያለ። ጉበቱን ቀቅላችሁ ብትሞክሩት አረፋ አታገኙም፤ ኢንዛይሙን ሙቀት አበላሽቶታል። በሌላ በኩል አረፋው የቆመለትን ጥሬ ጉበት ፈሳሹን ደፍታችሁ አዲስ ብትጨምሩበት እንደገና ይገነፍላል። «ራሱ የማያልቅ» የተባለው እንግዲህ ይኸው ነው። በጉበቱ ፈንታ የበግ ኩላሊት ብታደርጉም ይሠራል፤ ኩላሊት በዚህ ኢንዛይም ከበለጸጉት የአካል ክፍሎች አንዱ ነው። (ፈሳሹ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ፣ ሙከራው ሲያልቅም ጉበቱን መጣል ነው እንጂ ለድመት እንኳ መስጠት አይገባም።)

አረፋውን የሚያወጣው ኢንዛይም ካታሌዝ ይባላል። አንዲት የካታሌዝ ሞለኪውል በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሚሊዮኖች የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ወደ ውኃና ኦክስጅን ትለውጣለች። ይህን ኢንዛይም ከበሬ ጉበት በንጹሕ ክሪስታል መልክ እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጡት አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነርና ባልደረባው ናቸው። ሰምነር በ17 ዓመቱ በአደን ላይ በደረሰበት አደጋ ግራ እጁን ያጣ፣ ያውም ግራኝ የነበረ ሰው ነው። ኬሚስትሪ ለባለ አንድ እጅ አይሆንም፣ ሕግ ብትማር ይሻልሃል ብለው የመከሩት ፕሮፌሰር ነበሩ። እሱ ግን አልሰማም፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ነገ ተማሪ የምንመክረው እኛ ነንና ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም።

ታዲያ የቁስል ማጠቢያ የሆነው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል? ማንም አላስገባውም፤ እዚያው ይፈጠራል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን በየሕዋሱ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ በሚባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች ምግብን ለማቃጠል ይውላል። ኤሌክትሮኖች ሰዎች ተሰልፈው እንደሚቀባበሉት የውኃ ባልዲ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፉና በመጨረሻ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኙ ውኃ ይሆናል። ነገር ግን ከባልዲው ጥቂት ጠብ ማለቱ አይቀርም። ሰልፉ ሳያልቅ በመንገድ ላይ አንድ ኤሌክትሮን የነጠቀ ኦክስጅን ሱፐርኦክሳይድ ይባላል። ጠበኛ ነገር ነው።

ይህን ጠበኛ መጀመሪያ የሚቀበለው ዘበኛ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴስ ነው። ታሪኩ ያስገርማል። ፕሮቲኑ እ.ኤ.አ. በ1938 ከከብት ደም ተለይቶ ወጥቶ፣ መዳብ እንዳለበት ታውቆ፣ ምን እንደሚሠራ ግን ሳይታወቅ 31 ዓመት ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ጆ ማኮርድና መምህሩ ኧርዊን ፍሪዶቪች ሥራውን ደረሱበት። ሥራውም ሁለት ሱፐርኦክሳይዶችን አገናኝቶ አንዱን ወደ ተራ ኦክስጅን፣ ሌላውን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መለወጥ ነው። በሰው አካል ውስጥ ይህ ዘበኛ በሦስት ዓይነት ይገኛል፤ መዳብና ዚንክ የያዘው በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ፣ ማንጋኒዝ የያዘው በሚቶኮንድሪያው ውስጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሕዋሱ ውጪ ይቆማል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዘበኛ ሥራውን ግማሽ ላይ ነው የሚተወው፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ጉዳት አለውና። ይህ ሳይወገድ ቆይቶ ከብረት ጋር ከተገናኘ ሃይድሮክሲል የሚባል ከሁሉም የከፋ ነገር ይወጣዋል። እሱም ያገኘውን ሁሉ፣ ስቡንም ፕሮቲኑንም ዲ ኤን ኤውንም ሳይመርጥ ይመታል። ስለዚህ ሁለተኛ ረድፍ ዘበኞች ያስፈልጋሉ። አንዱ በብርጭቆው ውስጥ ያየነው ካታሌዝ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1957 በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የተገኘው ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ሲሆን፣ ሴሌኒየም የተባለ ንጥረ ነገር እንዳለበት በ1973 ታወቀ። ይህኛው ብቻውን አይሠራም፤ ግሉታታዮን የሚባል ረዳት አለው። ረዳቱም በሠራ ቁጥር ይደክምና ኤን ኤ ዲ ፒ ኤች በሚባል ነገር እንደገና ይሞላል፤ ልክ ባትሪ እንደሚሞላ ማለት ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ ትፈለጋለች።

አሁን ወደ ኩላሊት። እያንዳንዱ ኩላሊት 1 ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያዎች አሉት። እያንዳንዱ ማጣሪያ ግሎሜሩለስ የሚባል የቀጫጭን ደም ሥሮች ጉንጉን ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 9 ጀሪካን ነው። ከዚህ ውስጥ በሽንት የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ሲሆን ሌላው ሁሉ ተመርጦ ወደ ደም ይመለሳል። የተጣራው ስኳርም በጤነኛ ሰው ላይ ሳይባክን ይመለሳል። መምረጥና መመለስ ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ የኩላሊት ሕዋሳት በሚቶኮንድሪያ የተሞሉ ናቸው። ምድጃው በበዛበት ቤት ደግሞ ጭሱም ይበዛል።

የስኳር በሽታ ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች እንዳሉት ብዙዎቻችን እናውቃለን። በ1ኛው ዓይነት ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆማል፤ በ2ኛው ዓይነት ኢንሱሊኑ እያለ ሰውነት በሚገባ አይታዘዘውም፣ እየቆየም ይቀንሳል። በሁለቱም የደም ስኳር ከፍ ይላል። ታዲያ ስኳሩ ደሙን ተከትሎ ሁሉም ዘንድ ይደርሳል፣ ለምን ኩላሊት፣ ዓይንና ነርቭ ተለይተው ይጎዳሉ? መልሱ በሩ ላይ ነው። አብዛኞቹ ሕዋሳት በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ በራቸውን ገርበብ አድርገው የሚገባውን ይቀንሳሉ። የግሎሜሩለስ ሕዋሳት፣ የዓይን ውስጥ ቀጫጭን ደም ሥሮችና የነርቭ ሕዋሳት ግን ይህን ማድረግ አይችሉም። ውጪ ስኳር ሲበዛ ውስጣቸውም ይበዛል።

ስኳሩ ገብቶ ዘበኞቹን በሁለት በኩል ያዳክማቸዋል። በአንድ በኩል ራሱ ስኳሩ በፕሮቲን ላይ ይለጠፋል። በደም ምርመራ የሁለትና የሦስት ወር የስኳር ሁኔታ የሚታወቀው በሄሞግሎቢን ላይ የተለጠፈውን ስኳር በመለካት ነው። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴስም ፕሮቲን ስለሆነ ይለጠፍበታል፣ ሥራውም ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሕዋሱ የተትረፈረፈውን ስኳር ሶርቢቶል ወደሚባል ነገር ሲለውጥ ኤን ኤ ዲ ፒ ኤች ይጨርሳል። ያዙልን ያልነው እዚህ ላይ ነው! ረዳቱን የሚሞላው እሱ ነበርና፣ ግሉታታዮን ባዶውን ይቀራል፤ ዘበኛውም መሣሪያ የሌለው ዘበኛ ይሆናል። እንግዲህ ጠበኛው ሲበዛ ዘበኛው ይደክማል ማለት ነው።

በማጣሪያው ላይ የሚታየው ለውጥ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው የታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1936 ፖል ኪመልስቲልና ክሊፎርድ ዊልሰን የተባሉ ሐኪሞች በሞቱ የስኳር ሕመምተኞች ኩላሊት ውስጥ ግሎሜሩለሱ በጠጣር ጓል መሰል ነገር ተሞልቶ አይተዋል። የማጣሪያው ግድግዳ ይወፍራል፤ ይወፍር እንጂ ያፈሳል። መጀመሪያ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን በጥቂቱ፣ ኋላም በብዛት ወደ ሽንት ያልፋል። ከዚያ ማጣሪያዎቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀጥ ያለ ይመስላል። ሳይንስ ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መምህር የሚሆን ሰው ጎባጣውንም ቢያይ ጥሩ ነው ብለን እናምናለን። ተመራማሪዎች ስትሬፕቶዞቶሲን በሚባል መድኃኒት የአይጦችን ቆሽት ጎድተው የስኳር በሽተኛ ያደርጓቸዋል፤ ከሳምንታትም በኋላ በኩላሊታቸው ውስጥ ኢንዛይሞቹን ይለካሉ። ውጤቱ አንድ አይደለም። በአንዱ ሙከራ ካታሌዝ ቀንሶ ሲገኝ በሌላው ጨምሮ ይገኛል። እንደሚመስለን ጊዜው ወሳኝ ነው፤ አደጋ የመጣበት ሕዋስ መጀመሪያ ዘበኛ ይጨምራል፣ ሲሰነብት ይደክማል። ስለዚህ «ኢንዛይሙ ቀንሷል» የሚል ሲመጣ፣ በስንተኛው ሳምንት? በየትኛው የአካል ክፍል? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ጠንከር ያለው ማስረጃ ከሌላ በኩል መጣ። የሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴስ ጂን ተጨምሮላቸው የተወለዱ አይጦች በስኳር በሽታ ጊዜ ኩላሊታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በኒው ዮርክ የአልበርት አይንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪ የሆነው ማይክል ብራውንሊ፣ ራሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ሰው፣ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የጉዳቶቹ ሁሉ ምንጭ ከሚቶኮንድሪያ የሚወጣው የሱፐርኦክሳይድ መብዛት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎች ተቀበሉት። በ2013 ግን ከካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት በስኳር በሽተኛ አይጦች ኩላሊት ውስጥ ሱፐርኦክሳይድ እንዲያውም ቀንሶ አገኘ። ምድጃው መጭስ ብቻ ሳይሆን መንደድም ትቶ ነበር ማለት ነው። ክርክሩ አልተዘጋም።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ከቡድናችን አባላት የአንዱ እናት ኢንሱሊን ይወጋሉ። አንድ ሻጭ በእሑድ ገበያ ላይ አግኝቷቸው «እማማ፣ ይኼ አንቲኦክሲዳንት ነው፤ ኩላሊትዎን ያጥብልዎታል። ይኼን ከወሰዱ መርፌው አያስፈልግዎትም» ብሎ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ዱቄት ሸጠላቸው። ለልጃቸው የሁለት ወር የኪስ ገንዘብ ሊልኩ ያስቀመጡት ብር በዚሁ አለቀ። እናትየው ብልህ ናቸውና መርፌያቸውን አልተዉም፤ ዱቄቱን ግን በውኃ እየበጠበጡ ይጠጡ ጀመር። ልጃቸው ለዕረፍት ሄዶ ሲያይ «ምን ልበላት?» ብሎ ጥያቄውን ወደ ቡድናችን አመጣው። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ለእሱ የተሰጠ መልስ ነው።

የሻጩ ክርክር እንዲህ ይላል፤ ዘበኛው አንሷል፣ ስለዚህ ዘበኛ እንግዛ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ነገር ግን ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ተበልቶ ሆድ ሲገባ እንደ ሥጋና እንደ ሽሮ ይፈጫል እንጂ ዘበኛ ሆኖ ኩላሊት በር ላይ አይቆምም። እንደዚያማ ቢሆን ኖሮ ጥሬ ጉበት የሚበላ ሁሉ ኩላሊቱ ባልታመመ! «ኢንዛይሙ አይደለም፣ ቪታሚኑ ነው» የሚልም ይኖራል። ቪታሚን ኢ በእርግጥ አንቲኦክሲዳንት ነው፤ ግን አንዱ ሞለኪውል አንዱን ጠበኛ ተቀብሎ ይደክማል፣ ካታሌዝን የመሰለ በሴኮንድ ሚሊዮኖችን የሚያስወግድ አይደለም።

ደግሞም ተሞክሯል። ሆፕ በተባለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ትልቅ ጥናት ውስጥ ከ3,500 በላይ የስኳር ሕመምተኞች ነበሩ። ግማሾቹ በየቀኑ 400 ዩኒት ቪታሚን ኢ፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት እንክብል ለ4 ዓመት ተኩል ያህል ወሰዱ። ለልብም ለኩላሊትም ልዩነት አላመጣም። የሚገርመው፣ በዚያው ጥናት ራሚፕሪል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች ግልጽ የሆነ የኩላሊት ጉዳት በ24 ከመቶ ቀነሰላቸው።

ሌላው ሙከራ ይበልጥ ያስተምራል። ባርዶክሶሎን የተባለው መድኃኒት ዘበኛ ከውጪ አያስገባም፤ ሕዋሱ ራሱ አንቲኦክሲዳንት ኢንዛይሞችን እንዲያመርት ማብሪያ ማጥፊያውን ይነካል። በሐሳብ ደረጃ ከዚህ የተሻለ የለም። ኩላሊታቸው ክፉኛ የተዳከመ 2,185 የ2ኛው ዓይነት ሕመምተኞች ገቡበት። መድኃኒቱን የወሰዱት በልብ ድካም ሆስፒታል የሚገቡበት ቁጥር ከሌሎቹ በመብለጡ ጥናቱ በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተደረገ። ማብሪያው በርቷል፣ ሰውየው ግን አልዳነም። የሰውነት ሥራ እርስ በርሱ የተያያዘ ነውና አንዱን ክር ሲስቡት ሌላው ይተረተራል። ጠበኛው ራሱ እንኳ ፈጽሞ ጥቅም የለሽ አይደለም፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ተሐዋስያንን ከሚገድሉባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ሱፐርኦክሳይድ ነው።

በሰው ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠው ምንድን ነው ቢባል፣ ዋናው ስኳሩን ከምንጩ መቀነስ ነው። በአሜሪካና በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1993 በ1,441 የ1ኛው ዓይነት ሕመምተኞች ላይ በተካሄደው ጥናት፣ የደም ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት ሰዎች አልቡሚን በጥቂቱ ወደ ሽንት መፍሰሱ በ39 ከመቶ፣ በብዛት መፍሰሱ በ54 ከመቶ ቀንሶላቸዋል። ቀጥሎ የደም ግፊትን መቆጣጠር ይመጣል። ከ2019 ወዲህም ትርፉን ስኳር በሽንት የሚያስወጡ አዳዲስ መድኃኒቶች ኩላሊትን እንደሚጠብቁ ታይቷል። ሁሉም የሐኪም ጉዳይ ነው። ቅጠላ ቅጠልን በተመለከተ፣ ሽፈራውም ሆነ ጥቁር አዝሙድ ከምግብ ጋር ቢበላ የምንቃወምበት ምክንያት የለንም፤ ኢንሱሊን ይተካል የተባለ ዕለት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የ1ኛው ዓይነት ሕመምተኛ ኢንሱሊን ካቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ለጓደኛችን እናት የመለስንላቸውም ይህን ነው፤ ዱቄቱን ይተዉት፣ መርፌዎን አይተዉ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ሽንትዎ ለአልቡሚን እንዲመረመርልዎ ይጠይቁ። የኩላሊት ጉዳት ሲጀምር አያምም፣ ሽንትም መልኩን አይለውጥም። ምርመራው በ2ኛው ዓይነት በሽታው ከታወቀበት ዕለት ጀምሮ፣ በ1ኛው ዓይነት ከ5 ዓመት በኋላ፣ በየዓመቱ መደረግ አለበት። ከዚያ ያለፈ ሰው የሚጠብቀው እጥበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ከመኪናው ጋር ተያይዞ መቀመጥ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲሆን፣ ለዚያም ሰጪ ዘመድ ያስፈልጋል። ከወረዳ ለሚመጣ ሰው ሁለቱም ምን ያህል ሩቅ እንደሆኑ መናገር አያሻም።

ለእኛ ለእጩ መምህራንም አንድ የክፍል ውስጥ ጉዳይ አለ። በየክፍለ ጊዜው «ቲቸር፣ ሽንቴን ልውጣ» የሚል፣ ውኃ የማይበቃው፣ እየከሳ የሚሄድ ልጅ ሁልጊዜ ሰነፍ አይደለም። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊቱ መመለስ ያቅተውና ስኳሩ ውኃ እየጎተተ በሽንት ይወጣል፤ ጥሙም ከዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመቆጣት በፊት ወላጆቹን አስጠርቶ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት እንዲሄዱ መንገር ነው። ነገ አይባልም።

የጉበቱን ሙከራ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ በሳይንስ ክፍል እናሳያለን። ጉበቱ፣ ድንቹና ፈሳሹ ተዘጋጅተዋል፤ የበግ ኩላሊትም ሥጋ ቤቱ ቃል ገብቶልናል። ስንጥርና ክብሪት ግን ስለሌለን የምትመጡ ይዛችሁ ኑ። በአልቡሚን ምርመራ ላይ ጥያቄ ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ በሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ጨምሩልን፤ በሚቀጥለው እትም እንመልሳለን።